ከጎባ በሳነቴ አድርጎ ደሎ መና በብስክሌት፦ የሄደበት ሰው አለ?

ፔዳል ረጋጩ

ሰላም ለዚህ ቤት ሰዎች። እኔና አንድ ጓደኛዬ ከጥምቀት በኋላ ፈቃድ ወስደን ለጥቂት ቀን በብስክሌት ልንጠፋ አስበናል። እንጦጦና ሱሉልታ ሰልችቶናል። የሰለቸን ዳገቱ ሳይሆን መኪናው ነው። ጆሯችን ስር ጥሩምባ የማይነፋበት፣ ዳገቱ ግን የምር ዳገት የሆነ መንገድ ነው የምንፈልገው። መጀመሪያ ታርማበርን አስበን ነበር። ግን የደሴ መስመር ነው፣ ከባድ መኪና ይበዛበታል። 600 ሜትር በሚጠጋው የጣሊያን ጊዜ ዋሻ ውስጥ ከሲኖትራክ ጋር መጋፋት ደግሞ አላሰኘኝም።

አሁን ዓይናችን ባሌ ላይ ነው። ከጎባ ተነስቶ ሳነቴ የሚባለውን የተራራ አናት ሜዳ የሚያቋርጠውና በሐረና ጫካ አድርጎ ደሎ መና የሚወርደው ጠጠር መንገድ። ካርታው ላይ 110 ኪሎ ሜትር አካባቢ ነው። ጎባ 2700 ሜትር ገደማ ናት፣ አናቱ ላይ መንገዱ 4000 ሜትርን ያልፋል፣ ደሎ መና ደግሞ ቆላ ናት። በአንድ ቀን ያልቃል? ብስክሌቴ ፊት 50 እና 34 ጥርስ፣ ኋላ ትልቁ 28 ጥርስ ነው፣ ጎማው ስፋቱ 38። ጓደኛዬ የያዘው የተራራ ብስክሌት ስለሆነ “አንተ ትገፋለህ፣ እኔ እነዳለሁ” እያለ ከወዲሁ ይስቅብኛል። ውሃስ ከየት ይገኛል? ላይ ሜዳው ላይ ድንኳን መትከል ይቻላል? ውሻና ልጆችስ? እኔን የሚያሳስበኝ መውጣቱ ብቻ ነው። ቁልቁለቱ ላይማ እናርፋለን።

የጎባ ልጅ

እንኳን ደህና መጣችሁ፣ ገና ሳትመጡ። መንገዱን በደንብ አውቀዋለሁ፣ በመኪናም በእግርም በሳይክልም። ጸጥታ ከሆነ የምትፈልጉት አላችሁ። ወደ ደሎ መና የሚወርድ አይሱዙ፣ ሰው የጫነ ፒክአፕ፣ አልፎ አልፎ የቱሪስት ላንድክሩዘር፣ በቃ። በገበያ ቀን ትንሽ ይበዛል። አቧራው ግን አንድ መኪናም ቢያልፍ ይበቃችኋል፣ ፊት ላይ የሚጠመጠም ነጠላ ወይም ሻርፕ ያዙ።

በአንድ ቀን የሚለውን እርሱት። ቀልሎት የሚጨርሰው ሰው አይጠፋም፣ ግን ለምን? ከጎባ ስትወጡ መጀመሪያ ጥድና ኮሶ ነው፣ ከዚያ አስታ ይመጣል፣ ከዚያ ዛፍ ያልቅና ሜዳው ይከፈታል። እዚህ ድረስ ያለው ነው እግር የሚጨርሰው፤ ጎባን ለቃችሁ ብዙ ሳትርቁ ከ1200 ሜትር በላይ ሽቅብ ትወጣላችሁ። ሜዳው ላይ ከደረሳችሁ በኋላ መንገዱ ይዘረጋል፣ ትንሽ ከፍ ትንሽ ዝቅ ይላል። ጅብራው በግራና በቀኝ ቆሞ ታዩታላችሁ። ቱሉ ዲምቱ 4377 ሜትር ነው፣ መኪና የሚወጣበት መንገድ እስከ ቴሌው ማማ ድረስ አለው፣ የፈለገ ከዋናው መንገድ ታጥፎ ይወጣዋል። እኔ ከሆንኩ ቦርሳውን ሳልጭን በሌላ ቀን ነው የምወጣው።

ቁልቁለቱ ላይ እናርፋለን ያልከው ነገር አሳቀኝ። ሜዳው ሲያልቅ መሬቱ ድንገት ይሰበራል። ከ4000 ሜትር አካባቢ በጠመዝማዛ ጠጠር ወደ ጫካው ትወርዳላችሁ፤ ጉም ካለ አሥር ሜትር ፊታችሁ ያለውን አታዩም፣ ድንጋዩ ደግሞ የሚንከባለል ነው። ጎባ አካባቢ ሳይክል ይዞ የመጣ ሰው ሲጎዳ የሰማሁት ሁሉ ሲወርድ ነው፤ ሲወጣ የተጎዳ አልሰማሁም። ስለዚህ ሰዓታችሁን ለመውጫው ሳይሆን ለመውረጃው አስቡ። ከጎባ ከጠዋቱ 12 ሰዓት ተነሱ። ጠዋት ሰማዩ ጥርት ያለ ነው፣ ከሰዓት በኋላ ጉምና በረዶ ያለበት ዝናብ ሊመጣ ይችላል፣ በጥር ራሱ። ጨለማ ሳይዛችሁ ሪራ ግቡና እደሩ። ሪራ መንገዱ መሃል አካባቢ ጫካው ጫፍ ላይ ያለች መንደር ናት። በማግስቱ ሐረናን በቀን ብርሃን ታቋርጣላችሁ። ጫካው ውስጥ ድንኳን አትትከሉ፣ አንበሳ አለው። ቀልድ አይደለም።

የባሌ ተራሮች ብሔራዊ ፓርክን በተመለከተ፣ ዋናው ቢሮ ዲንሾ ነው ያለው። ከሻሸመኔ በአዳባ የምትመጡ ከሆነ መንገዳችሁ ላይ ነው፣ ገብታችሁ የመግቢያውን ክፈሉ፣ በሳይክል እንደምትሄዱ ንገሯቸው፣ ሪራ ላይ ማረፊያና አስጎብኚም ጠይቋቸው። ዲንሾ ራሷ ከ3000 ሜትር በላይ ስለሆነች አንድ ሌሊት ብታድሩባት ሳንባችሁም ያመሰግናችኋል፣ ኒያላውንም መንገድ ዳር ታዩታላችሁ።

ውሻው የእረኛ ውሻ ነው። ስትሮጡ ይሮጣል። ወርዳችሁ ሳይክሉን በእናንተና በውሻው መሃል አድርጋችሁ ስትራመዱ ነገሩ ይበርዳል፣ እረኛውም ይጠራዋል። ከውሻ ይልቅ ፈረስን አስቡ። ባሌ የፈረስ አገር ነው፣ ሳይክል ያላየ ፈረስ ደግሞ ይደነብራል፣ በተለይ ድምፅ ሳታሰሙ ከኋላ ስትመጡበት። ከሩቅ ድምፅ ስጡ፣ ቀስ በሉ፣ ካስፈለገ ቁሙ። ጋላቢው ሽማግሌ ከሆኑ ደግሞ ወርዳችሁ ሰላም በሉ፤ “አካም ጅርቱ” ማለት ብቻ ብዙ በር ይከፍታል። ልጆቹ አብረዋችሁ ይሮጣሉ፣ ዳገት ላይ ከኋላ የሚገፉላችሁም አሉ። ድንጋይ የሚወረውረው ብዙውን ጊዜ ሰላም ሳይባል የታለፈ ልጅ ነው።

ሄዋን ከዙሪክ

እኔ ሳነቴን በብስክሌት አልወጣሁም፣ በመኪና ነው ያለፍኩት። ግን እዚህ ስዊዘርላንድ ከመጣሁ ጀምሮ በየበጋው የአልፕስ መተላለፊያዎች ላይ ነኝና ስለ ከፍታና ስለ መውረድ ትንሽ ልበል።

እዚህ አገር ብስክሌተኛ ሁሉ የሚያወራለት ስቴልቪዮ የሚባል መንገድ ጣሊያን ውስጥ አለ። ከፕራቶ በኩል 48 መታጠፊያ አለው፣ አናቱ 2757 ሜትር ነው። ሰው ዓመቱን ሙሉ ተለማምዶ ወጥቶ እያለቀሰ ፎቶ ይነሳል። አሁን ጎባን አስቡ። ጎባ ላይ ቁርስ የሚበላ ሰው ስቴልቪዮ አናት አካባቢ ነው የተቀመጠው! አልፕስ ውስጥ ካሉት ከፍተኛ አስፋልቶች አንዱ የሆነው ፈረንሳይ ያለው ቦኔት እንኳ 2802 ሜትር ነው። እናንተ ያን ያህል ከፍታ ላይ ሆናችሁ ነው ገና “ሀ” የምትሉት። ይኼን የምለው ላስፈራራችሁ አይደለም፣ እንዲያውም አዲስ አበባ መኖራችሁ ትልቅ ጥቅም ነው፤ እኔ ከ400 ሜትር ነው የምነሳው። ግን 4000 ሜትር ላይ የአየሩ ግፊት ከባሕር ጠለል ጋር ሲተያይ 60 በመቶ ገደማ ነው። እንጦጦ ላይ እያወራችሁ የምትወጡት ዳገት እዚያ ቃል አያስወጣችሁም። ስለዚህ ማውራት እስክትችሉ ድረስ ቀስ በሉ። ትንፋሽ ካሳጠራችሁ ፈጥናችኋል ማለት ነው፣ ልብ ምት መለኪያ አያስፈልግም።

እንቅልፍ ነው ዋናው። ከ3000 ሜትር በላይ ስትሆኑ የምታድሩበትን ከፍታ በአንድ ሌሊት ከ500 ሜትር በላይ አለመጨመር የተለመደ ምክር ነው። በቀን 4000 ወጥቶ ሪራ ወርዶ ማደር ከሜዳው ላይ ድንኳን ከመትከል በጣም ይሻላል። ራስ ምታት ከማቅለሽለሽ ጋር ከመጣ ወይም አንዱ እንደ ሰከረ ከተንገዳገደ ክርክር የለም፣ ወደ ታች ነው። ጓደኛህ “ደህና ነኝ” ቢልህም አትስማው።

ስለ ቁልቁለት የጎባው ልጅ ያለው ልክ ነው፣ እኔ የምጨምረው ብርዱን ነው። ሽቅብ ስትወጡ ላባችሁ ልብሱን ያርሰዋል። አናት ላይ ፎቶ ትነሳላችሁ፣ ከዚያ ሳትለብሱ ትወርዳላችሁ፣ ጣታችሁ ይደነዝዛል። የደነዘዘ ጣት ፍሬን አይዝም፤ ሰው የሚወድቀው እዚያ ላይ ነው። እርጥቡን ካናቴራ አናት ላይ አውልቁ፣ ደረቅ ልበሱ፣ ንፋስ የማያስገባ ጃኬትና ሙሉ ጣት ጓንት። እዚህ የድሮዎቹ ተወዳዳሪዎች ደረታቸው ላይ ጋዜጣ ያስገቡ ነበር፣ እኔም ጃኬት ስረሳ አድርጌው አውቃለሁ፣ ይሠራል። የሳነቴ ሌሊት በጥር ከዜሮ በታች ነው የሚወርደው፣ ፀሐይ ስትወጣ ደግሞ ፊት ይልጣል። ሁለቱንም ያዙ፣ ወፍራም ልብስም የፀሐይ ቅባትም።

በቅናት ላክልበት፦ እዚህ ጸጥ ያለ መንገድ ስንፈልግ አሮጌውን ጎትሃርድ እንሄዳለን፣ ከአይሮሎ በኩል በድንጋይ ንጣፍ የሚወጣው ትሬሞላ። ጸጥ ያለው በ1980 በተከፈተው የመኪና ዋሻ ምክንያት ነው፣ ከባድ መኪናው ሁሉ ከስር ስለገባ። ታርማበር ላይ ግን ከባድ መኪናውም ሳይክሉም እዚያው አንድ ዋሻ ውስጥ ናቸው።

ጋሽ ካቴና

ልጆች፣ ከፍታውን ተዉት፣ በዚህ ማርሽ አትሄዱም። ስንት ዘመን ሳይክል ፈትቼ ገጥሜያለሁ፣ ስሙኝ።

ፊት 34 ኋላ 28 ማለት ፔዳሉን አንድ ጊዜ ባዞርክ ቁጥር ሁለት ሜትር ከስልሳ ገደማ ትሄዳለህ ማለት ነው። በደቂቃ 60 ጊዜ ካዞርክ በሰዓት 9 ኪሎ ሜትር ተኩል ገደማ። አስፋልት ላይ ባዶህን ሆነህ ይቻላል። ጠጠር ላይ፣ ዕቃ ጭነህ፣ አየሩ በሳሳበት፣ አይቻልም፤ ወይ ጉልበትህ ይሄዳል ወይ ወርደህ ትገፋለህ። ኋላ 34 ብታስገባ ወደ ስምንት ገደማ ይወርዳል። ፊት 26 ጥርስ ያለው ብታገኝ ደግሞ በዚያው 60 ዙር ስድስት ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፣ እሱ ነው የሚያዛልቅህ። ኋላውን ከመቀየርህ በፊት ግን ማርሽ መቀየሪያው ረጅም እጅ መሆኑን እይ፣ አጭሩ 34 ጥርስ አይሸከምም፣ ሰንሰለቱም መርዘም አለበት። ጓደኛህ ቢስቅብህ እውነቱን ነው።

ጎማህ 38 ካልክ ሹካው የሚያስገባ ከሆነ 45 አድርገው። አየሩን አታጠጥረው፣ ጠጠር ላይ የጠጠረ ጎማ ይዘላል፣ ያንሸራትታል። በጣም ካለሰለስከው ደግሞ ድንጋይ ላይ ቸርኬው ካላማዳሪውን ይነክሰዋል። በአውራ ጣትህ ስትጫነው ትንሽ እሺ የሚል ይሁን።

ፍሬን! ቸርኬ የሚይዘው ዓይነት ፍሬን ከሆነ ረጅም ቁልቁለት ላይ ይዘህ አትውረድ። ቸርኬው ይግላል፣ ሙቀቱ ካላማዳሪውን ያፈነዳዋል። ጥብቅ አድርገህ ያዝ፣ ልቀቅ፣ እንደገና ያዝ። የፊቱንና የኋላውን አፈራርቅ፣ መታጠፊያ ከመግባትህ በፊት ፍጥነትህን ጨርስ፣ መታጠፊያው ውስጥ ጠጠር ላይ የፊት ፍሬን መያዝ ማለት መውደቅ ነው። ዲስክ ከሆነም ይግላል፣ ግን ጎማውን አያፈነዳም። እርጥብ አቧራና ጭቃ የፍሬኑን ሸራ እንደ አሸዋ ወረቀት ይበላዋል፣ ትርፍ ሸራ ለሁለታችሁም ያዙ። ሻይ ይፍላ እያልክ ቆመህ ማረፍን አትናቅ፣ ዲስኩም ይበርዳል እጅህም ያርፋል።

ሌላ የምትይዘው፦ ካላማዳሪ፣ ፓችና ማጣበቂያ፣ ፓምፕ፣ የሰንሰለት መፍቻ፣ ጥቂት ራጂ (የቸርኬው ቀጭን ሽቦ) በራስህ ጎማ ልክ፣ ደግሞ የኋላ ማርሽ መቀየሪያው የሚንጠለጠልባት ትንሿ ብረት። እሷን ማንም አያስባትም። አውቶቡስ ጣራ ላይ ሳይክሉ ሲጫን የምትጣመመው እሷ ናት፣ ከጣራው ወርደህ ማርሹ ሁሉ ይዘላል። ስትጭኑ ፔዳሉን ፍቱ፣ መሪውን አዙሩ፣ የኋላውን መቀየሪያ በካርቶን ጠቅልሉ፣ ለረዳቱም ጥሩ ጉርሻ ስጡት። ጎባና ሮቤ ጎሚስታ ታገኛላችሁ፣ ሳነቴ ላይ ግን ያለው ቀይ ቀበሮ ነው።

ቀላል ይሁን

ለምን ታቋርጣላችሁ ግን? የምር እየጠየቅኩ ነው። ጎባ አልጋ ይዛችሁ፣ ዕቃውን እዚያ አስቀምጣችሁ፣ ባዶ ሳይክል ይዛችሁ ሳነቴ ወጥታችሁ ከሰዓት ጎባ ተመለሱ። ሙቅ ምግብ፣ ሙቅ አልጋ። ሲደክማችሁ መታጠፍ ትችላላችሁ። ወደ ሐረና ከወረዳችሁ ግን መመለሻው ያንኑ ገደል መውጣት ነው ወይ መኪና መለመን።

ካልሆነም ጨንቻ አለላችሁ። ከአርባ ምንጭ 1300 ሜትር አካባቢ ተነስታችሁ ዶርዜን አልፋችሁ ጨንቻ 2700 ሜትር ገደማ ትደርሳላችሁ፣ ከኋላችሁ አባያና ጫሞ ተዘርግተው። ዳገቱ ጭካኔ አለው ግን አጭር ነው፣ አየሩም አያፍንም፣ ዶርዜ ላይ ቆጮ በዳጣ ትበላላችሁ። ልጆቹ መንገዱ ላይ እየጨፈሩ ብር ይጠይቋችኋል፣ እሱን ቻሉት።

የጎባ ልጅ

@ቀላል ይሁን ደርሶ መልስ የሚለው ለመጀመሪያው ቀን መጥፎ አይደለም፣ እንዲያውም ለመላመድ ጥሩ ነው። ግን ሳነቴን አይቶ ሐረናን ሳያዩ መመለስ ግማሹን ትቶ መሄድ ነው። አንድ ቀን ከአስታና ከጅብራ ተነስተህ ቀርከሃ ውስጥ ገብተህ ጫካ ቡና የሚበቅልበት ድረስ የምትወርድበት ሌላ መንገድ የት አለ? ጉሬዛው እላይ ይዘላል፣ ማር በየመንገዱ ይሸጣል። መመለሻውን አትጨነቁ፣ ደሎ መና ላይ ወደ ጎባ የሚመለስ መኪና አለ፣ ሳይክሉን ከላይ ይጭኑላችኋል።

ደግሞ አንድ ነገር ረስቼ፣ ከመንገዱ አትውጡ። ሜዳው ላይ ለሳይክል የተመቸ የሚመስል ሣር ብዙ ነው፣ ግን ከስሩ የፍልፈል ጉድጓድ ነው። ጎማችሁ ይገባበታል፣ ቀበሮውም የሚኖረው በዚያው ፍልፈል ነው። በዓለም ላይ የቀረው ቀይ ቀበሮ 500 አይሞላም፣ ከግማሽ በላይ የሚሆነው እኛ ጋ ነው። በቀን ነው የሚያድነው፣ ስለዚህ ጸጥ ብላችሁ ከሄዳችሁ ከመኪና ተሳፋሪ ይልቅ ብዙ ታያላችሁ። ዳቦ እንዳትወረውሩለት።

ፔዳል ረጋጩ

ኧረ ተባረኩ፣ ይሄን ያህል አልጠበቅኩም። ጋሼ፣ እርስዎ ያሉትን ሰምቼ ኋላውን ለመቀየር ወስኛለሁ፣ መቀየሪያዬ ረጅም እጅ ይመስላል፣ ፎቶ አንስቼ ብልክልዎ ያዩልኛል? ሄዋን፣ ድንኳኑን ትተነዋል፤ ጓደኛዬ ትንሽ አኮረፈ ግን ክብደቱ ሲቀንስ ይገባዋል። እቅዳችን አሁን ዲንሾ አንድ ሌሊት፣ ጎባ ሁለት ሌሊት ሆኖ በመሃሉ ባዶ ሳይክል ይዘን እስከ ሜዳው ደርሰን እንመለሳለን፣ ከዚያ ነው ዕቃ ጭነን ወደ ሪራ የምናቋርጠው።

የቀረኝ የውሃና የምግብ ነገር ነው። ሜዳው ላይ ሐይቅ አለ ይባላል፣ ከዚያ መቅዳት ይቻላል? ምን ያህል ሊትር እንያዝ?

የጎባ ልጅ

ገርባ ጉራቻን ጨምሮ ሐይቆች አሉ፣ ትናንሾቹ ግን በበጋ ይደርቃሉ፣ ሁሉም መንገድ ዳር አይደሉም፣ ከብትም ይገባባቸዋል። ከጎባ ስትነሱ ለአንድ ሰው አራት ሊትር ያዙ። ከዚያ ከቀዳችሁ ማጣሪያ ወይም ማከሚያ ኪኒን ይኑራችሁ። ለማፍላት ካሰባችሁ ደግሞ እዚያ ላይ ውሃ የሚፈላው በ86 ወይም 87 ዲግሪ ስለሆነ ፈላ ብላችሁ ቶሎ አታውርዱት፣ ጥቂት ደቂቃ ይንተክተክ። ሩዝና ፓስታ ጥሬውን ይቀራል፣ አትልፉ።

ምግብ ከተባለ ጎባ ገበያ ጭኮ ፈልጉ። ገብስና ቅቤ ነው፣ አይበላሽም፣ ከቦርሳ ቦታ አይወስድም፣ ትንሽ ቆርሰህ ስትበላ ረጅም መንገድ ያስኬድሃል። በሶም በውሃ መበጥበጫ ጠርሙስ ውስጥ ጥሩ ነው። ከፍታ ላይ ምግብ አያሰኝም፣ ሳይርባችሁ በየሰዓቱ ቅመሱ። እና ከመነሳታችሁ ሳምንት ሲቀር የመንገዱን ሁኔታ ደውላችሁ አጣሩ፣ ፓርኩ ቢሮም የጎባ ሹፌሮችም ያውቃሉ። ዝናብ ዘንቦ ከሆነ ቁልቁለቱ ላይ ጎርፍ የቆረጠው ቦታ አይጠፋም።

ጋሽ ካቴና

ፎቶውን ላክ፣ ከጎን በኩል፣ ሰንሰለቱ ትልቁ ጥርስ ላይ ሆኖ። አዲሱ ጥርስ ላይ አሮጌ ሰንሰለት እንዳትገጥም፣ ዳገት ላይ ይዘላል። ቀይረህ ደግሞ በማግስቱ ባሌ አትሂድ፤ እንጦጦ ላይ ዕቃ ጭነህ ሞክረው፣ የሚላላው ነገር ቤትህ አጠገብ ይላላ።

ሄዋን ከዙሪክ

ጭኮ አላችሁና ምራቄን ዋጥኩ። እዚህ ለአንድ የስንቅ ብስኩት የምንከፍለውን ብታውቁ። ከሄዳችሁ በኋላ እዚሁ ጻፉልን፣ በተለይ ቁልቁለቱ ከየት እስከ የት እንደሚከፋ፤ እኔም በሚቀጥለው ዓመት ብስክሌቴን ይዤ ልመጣ ነው።

ፔዳል ረጋጩ

እጽፋለሁ። ጋሼ፣ ፎቶውን ልኬልዎታለሁ፣ በውስጥ መስመር ይመልከቱልኝ።